ከፍል ውሃ ከተማ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ከተማ

ናይሮቢ የሚለው ስም የመጣው ከማሳይ ቋንቋ ነው። «ኤንካሬ ናይሮቢ» ይሏታል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 እንግሊዞች የባቡር ሐዲዱን ከሞምባሳ እየዘረጉ እዚህ ሲደርሱ ቦታው ረግረግ ነበር። የዕቃ ማራገፊያና የሠራተኛ ሰፈር አደረጉት፣ ከተማ ሆኖ ቀረ። የኛዋ አዲስ አበባ ደግሞ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ሰበብ ነው። የእንጦጦ ብርድ ያስመረራቸው የቤተ መንግሥት ሰዎች ወደ ፊንፊኔ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፣ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፣ በ1879 ዓ.ም. ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ዕቃ የምናመላልስ ሰዎች ይህን የምናስብበት ጊዜ የለንም። እኔን ያሳሰበችኝ እናቴ ናት።

እማዬ ናይሮቢ የመጣችው በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ 71 ዓመቷ ነበር። የመጣችው ለጥየቃ አልነበረም፤ እንድትቀር ብዬ ነው ያመጣኋት። ወንድሜ ካናዳ ነው፣ አባቴ ካረፈ ያኔ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፣ ጉልበቷም ደረጃ አላስወጣ ብሏት ነበር። የተከራየሁት ቤት ንጋራ ነው፤ ከሪቨር ሮድ ሱቄ በእግር ይደረሳል። ምሳ ሰዓት ብቅ ብዬ አያታለሁ፣ ማታ አብረን እንበላለን፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አደርሳታለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ብዙዎቻችሁ ይህን ሂሳብ ታውቁታላችሁ። በየወሩ ከሚላክ ገንዘብ፣ ወላጅን አምጥቶ አጠገብ ማኖር ይሻላል ብለን የምንሠራው ሂሳብ ነው።

ሐምሌ ደግሞ ናይሮቢ የምትበርድበት ወር ነው። ኬንያ ሲባል ሙቀትና አንበሳ ብቻ የሚታያቸው ዘመዶች አሉን። ከተማዋ ግን ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴም ፀሐይ ሳትታይ የምትውልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የኪራይ ቤት መታጠቢያዎቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። ሻወሩ አናት ላይ የምትገጠም፣ ውሃውን በመብራት የምታሞቅ ነጭ ፕላስቲክ አለች። ውሃው እንዲሞቅ ከፈለጋችሁ ቀጭን አድርጋችሁ ነው የምትከፍቱት፤ በደንብ ከከፈታችሁት ይቀዘቅዛል። እማዬ የመጀመሪያ ቀን ከሥሯ ቆማ «ይሄ ሻወር ነው ወይስ ጣራው እያፈሰሰ ነው?» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ሳሙና እንደተቀባች የመብራት ቶከኑ አለቀ። ከዚያ በኋላ ጎላ ድስት ጥጄ በሳፋ ነበር የምትታጠበው።

ሦስት ሳምንት ያህል ምንም አላለችም። አንድ ማታ ቡና አፍልታ፣ ቶናውን እየቀዳችልኝ፣ «ልጄ፣ ቤትሽ ደግ ቤት ነው። ግን እኔ ይሄን ጉልበት የት ልውሰደው?» አለችኝ።

የጠየቀችኝ ስለ ፍል ውሃ እንደሆነ ገባኝ። እማዬ የተወለደችው ጎጃም ነው፤ ከተዳረች ጀምሮ የኖረችው ግን ካዛንቺስ ነው። ለካዛንቺስ ሰው ፍል ውሃ በእግር የሚወረድበት ቦታ ነው። ቅዳሜ ጧት ሳሙናዋን፣ ፎጣዋን፣ ቅቤዋንና የምትለውጠውን ልብስ በፌስታል ይዛ ትወርዳለች። ቲኬት ትቆርጣለች። ተራዋ እስኪደርስ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ከማታውቀው ሰው ጋር ስለ በሽታ ታወራለች። እዚያ ወረፋ ላይ የማይነሳ በሽታ የለም፤ ሪህ፣ ወገብ፣ ስኳር፣ ቁርጥማት፣ ሐኪም ስም ያላወጣለትም ጭምር። ተራዋ ሲደርስ ክፍል ይሰጣታል። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ከምድር የወጣው ትኩስ ውሃ ይሞላላታል፣ ሰዓቷ ሲያልቅ ይንኳኳል። በቃ ይኸው ነው። ክፍሎቹ ደረጃ አላቸው፣ ዋጋቸውም እንደ ደረጃቸው ነው፤ ውሃው ግን ለሁሉም ከአንድ ምድር ነው የሚወጣው። በልጅነቴ አብሬያት እገባ ነበር። የጣቴ ቆዳ ተጨማዶ፣ ጉንጬ ቲማቲም መስሎ ነበር የምወጣው። ስንመለስ ዳቦ ትገዛልኝ ነበር።

ናይሮቢ መሃል ከተማ ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ትልልቆቹ ሆቴሎች የእንፋሎት ክፍልና ሳውና አላቸው፣ ግን ለጉልበት የሚያስፈልገው ተቀምጦ መዘፍዘፍ ነው እንጂ ማላብ አይደለም። መዋኛ ገንዳውም ቢሆን በክሎሪን የሚሸት ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ የዋና ልብስ ግዴታ ነው። የ71 ዓመት እናት ዋና ልብስ አስለብሼ ማየት አልቻልኩም፣ እሷም አትለብሰውም። በመሃል ከተማ ደረጃዎች ላይ «ማሳጅ» የሚሉ ማስታወቂያዎችም አሉ። እነዚያን ያየ ሰው እናቴን ለምን ወደዚያ እንዳልወሰድኳት አይጠይቀኝም።

መንገዱን ያሳየኝ የሱቄ ጎረቤት ነው። ከኔ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው ኬንያዊ መኪና አስመጪ ነው። ኬንያ የሚገቡት ያገለገሉ መኪኖች አብዛኞቹ ከጃፓን ናቸው፤ እዚያም እዚህም በግራ ስለሚነዳ መሪው በቀኝ ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ይህ ንግድ ሞያሌን አይሻገርም። ሰውዬው ዕቃ ሊያይ ዮኮሃማ በሄደ ጊዜ ደንበኞቹ ከወደቡ ብዙም ወደማይርቀው ሃኮኔ ወስደው በባህላዊ ፍል ውሃ ማረፊያ አንድ ሌሊት አሳድረውት ነበር። «ሪዮካን» ይሉታል ማረፊያውን፣ ፍል ውሃውን ደግሞ «ኦንሰን»። ስለ እማዬ ጉልበት ስነግረው ይህንኑ አጫወተኝ፣ ፎቶም አሳየኝ። እኔም ደንበኛ እየጠበቀኝ ቁጭ ብዬ ጠየቅሁት፤ ኮሜርስ የተማረ ሰው አንዴ ጥያቄ ከጀመረ አያቆምም።

በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ክፍሉ ወለሉ በሰሌን የተነጠፈ ነው፣ አልጋ የለውም። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ሠራተኞች መጥተው ፍራሽ መሬት ላይ ያነጥፋሉ፣ ጧት ይሰበስቡታል፤ ያው አንድ ክፍል ሳሎንም መኝታም ይሆናል ማለት ነው። እኛም እንዲሁ አይደል ያደግነው? እንግዳው ከቤቱ የሚሰጠውን የጥጥ ካባ ይለብሳል፤ ግራው ከላይ፣ ቀኙ ከሥር መሆን አለበት፣ በተቃራኒው የሚለበሰው ለሬሳ ብቻ ነው። ወደ ገንዳው ከመገባቱ በፊት ትንሽ ዱካ ላይ ተቀምጦ በሳሙና በደንብ መታጠብ ግዴታ ነው። ገንዳው ለመታጠቢያ አይደለም፣ ለመዘፍዘፊያ ነው። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው፣ ግን ሁሉም ራቁቱን ነው። ይህ ጎረቤቴ ትልቅ ሰው ነው፣ ሆዱም ትልቅ ነው። «ያቺን የፊት ፎጣ የምታህል ጨርቅ ይዤ የቱን እንደምሸፍን ጠፍቶኝ ነበር» አለኝ። ማንም ግን ቀና ብሎ አላየውም። ዓይንን መስበር እዚያ የቤቱ ሥርዓት ነው።

ዋጋውን ስጠይቀው ነው የገረመኝ። ሪዮካን ብዙውን ጊዜ የሚያስከፍለው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፣ ራትና ቁርስም በዋጋው ውስጥ ነው። ሁለት ሰው አንድ ክፍል ቢተኛ የሁለት ሰው ይከፍላል። የፍል ውሃ ግብርም አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰው 150 የን። ውሃውም በሕግ ነው የሚጠራው፦ በ1948 የወጣው ሕጋቸው ከምድር ሲወጣ 25 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ያልሞቀና ከተዘረዘሩት ማዕድናትም አንዱ እንኳ የሌለው ውሃ ፍል ውሃ ተብሎ እንዲሸጥ አይፈቅድም። የቤቱ እመቤት «ኦካሚ» ትባላለች። እንግዳ የምትቀበለው እሷ ናት፣ ስትሸኝም መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ደጅ ላይ ትቆማለች። ጎረቤቴ ዘወር ብሎ ባየ ቁጥር ጎንበስ ብላ ነበር። «ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ነው እኮ!» አለኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ራሴ አነበብኩ። በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው ሆቴል ተብሎ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ705 የተከፈተ የጃፓን ፍል ውሃ ማረፊያ ነው፤ ስሙ ኬይዩንካን ይባላል። በ718 የተመሠረተው ሆሺ ደግሞ ለ46 ትውልድ በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆይቷል። ወንድ ልጅ ሲጠፋ አማቹን በማደጎ ልጅ አድርገው፣ የቤቱን ስም ሰጥተው ያወርሱታል። እኛ ዘንድ ሱቅ ከአባት ወደ ልጅ ሲያልፍ ፍርድ ቤት ካልደረሰ ዕድል ነው። ግን እነሱም ቢሆኑ ሁሉም አልቀናቸውም። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ከ80,000 በላይ ሪዮካን ነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በታች ወርደዋል። የኬይዩንካን ቤተሰብ እንኳ ከ52 ትውልድ በኋላ ወራሽ አጥቶ ቤቱ ለነባር ሠራተኛ ተላልፏል።

ማታ ይህን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት። እየሳቀች ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ንቅሳቴን ሲያዩ ምን ይላሉ?»

እማዬ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ በሦስት ረድፍ የተነቀሰ ጌጥ አላት። በልጅነቷ በእሾህና በጥላሸት የተሠራ ነው። ጥያቄዋ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ነጥቡን ግን አልሳተችም። ብዙ የጃፓን ፍል ውሃዎች የተነቀሰ ሰው አያስገቡም፤ ንቅሳት እዚያ ያኩዛ ከሚባሉት ወሮበሎች ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኒውዚላንድ የመጡ አንዲት የማኦሪ ሴት የአባቶቻቸው ምልክት ፊታቸው ላይ ስላለ ሆካይዶ ውስጥ ከአንድ ፍል ውሃ ተመልሰዋል፣ ነገሩም ብዙ አነጋግሯል። የእማዬ የክርስትና መስቀል እዚያ በር ላይ የወንበዴ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር ማለት ነው። ግን መፍትሔም አላቸው። ብዙ ማረፊያዎች «ካሺኪሪ» የሚሉት አላቸው፤ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የሚከራይ፣ በሩ የሚቆለፍ፣ ሰዓት ያለው ትንሽ መታጠቢያ። ይህን ስነግራት «እንግዲያው ፍል ውሃ በለኛ!» አለች።

ጎረቤቴ በነጋታው «ጃፓን ምን አስኬዳችሁ? ናይቫሻ ውሰጃቸው» አለኝ። ኦልካሪያን ማለቱ ነው። የኬንያ መብራት ኃይል አምራች የእንፋሎት ጉድጓዶች የሚገኙት እዚያ ነው። የመጀመሪያው ተርባይን እ.ኤ.አ. በ1981 በ15 ሜጋ ዋት ጀመረ። ከጉድጓዱ እንፋሎትና ውሃ አብረው ይወጣሉ፤ እንፋሎቱ ተርባይን ሲያዞር የተረፈውን ትኩስ ውሃ ደግሞ ወደ ገንዳ ለቀውታል፣ ሕዝብም ይዋኝበታል። ያው ስምጥ ሸለቆ ነው። ከአፋር ተነስቶ በላንጋኖ፣ በሻላ፣ በወንዶ ገነት በኩል ወርዶ፣ ቱርካናን አልፎ እዚህ ይደርሳል። እኛና እነሱ ቀረጥ ተለያይተን እንከፍላለን እንጂ ከሥራችን የሚፈላው አንድ ነው።

ሰው እንዳይበዛ ብዬ ማክሰኞ ሱቄን ለልጅቷ ትቼ መኪና ከነሹፌሩ ለቀኑ ተከራየሁ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሸለቆው ውስጥ ስንገባ ማይ ማሂዩ የምትባል ከተማ አለች። ሹፌሩ ኪኩዩ ነው፤ በቋንቋቸው ትኩስ ውሃ ማለት እንደሆነ ነገረን። እማዬ «ማይ በግዕዝም ውሃ ነው» ብላ ደስ አላት፣ ከዚያ በኋላ ሹፌሩን እንደ ዘመድ ማየት ጀመረች። እሱም «ሾሾ» ይላታል፣ አያቴ ማለቱ ነው። መንገዱ ዳር ያለችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በ1942 የሠሯት የጣሊያን የጦር ምርኮኞች እንደሆኑ ሲነግራት ግን «እዚህም ደርሰዋል?» ብላ ፊቷን አዞረች።

ገንዳው ያለበት ፓርክ ስሙ ሄልስ ጌት ነው፣ የሲኦል በር። ከበሩ ላይ አንብቤ ተርጉሜ አልነገርኳትም፣ ሹፌሩ ነገራት። አማተበችና «ለመታጠብ ሲኦል ድረስ አመጣሽኝ?» አለች። ግን ወረደች።

ቦታው ያምራል። ውሃው ሰማያዊ ወተት ይመስላል፤ ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ነው እንዲህ የሚያደርገው። ከላዩ እንፋሎት ይነሳል፣ ዙሪያው ተራራ ነው። የመጡት ሰዎች ወጣቶች ነበሩ፣ ወንድና ሴት አብረው፣ በዋና ልብስ፣ በስልክ ፎቶ እየተነሱ። ለወጣት እንዲህ ያለ ቀን ነው። እማዬ ነጠላዋን እንደለበሰች ዳሩ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና እግሯን ነከረች። ለአንድ ሰዓት ያህል አልተነሳችም። በእጇ ውሃውን እየዘገነች ጉልበቷ ላይ ታፈሳለች። አንዲት ወጣት ኬንያዊት ቀረብ ብላ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት የት እንደተነቀሰችው ጠየቀቻት። የሷ ክንድ ላይ ጽጌረዳ ነበር። እኔ አስተረጎምኩ። እማዬ የልጅቷን ጽጌረዳ ዳሰስ አድርጋ «ያምራል፤ ያሳምማል አይደል?» አለቻት።

ለመሄድ ስንነሳ «ውሃው እውነተኛ ነው» አለችኝ። ከዚያ ዞር ዞር ብላ አየችና «የሚዘጋ ክፍል ግን የለውም» አለች። ቅሬታ አልነበረም፤ ዕቃ ያየች ደንበኛ የምትናገረው ዓይነት ነው።

ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ በወረደበት፣ መኪናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆነን ሳለ ነው የነገረችኝ። «አባትሽ ሲሞት እናንተ ፊት ብዙ አላለቀስኩም። ወንድምሽ ቪዛ ይዞ ነበር፣ አንቺም ሱቅሽን ዘግተሽ ነው የመጣሽው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍል ውሃ ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ከፍል ውሃ የወጣ ሰው ዓይኑ ቢቀላ ማን ይጠይቀዋል?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ጉልበቷ ስትነግረኝ ነበር የቆየችው። ጉልበቷም እውነት ነው፣ በኤክስሬይ ይታያል። ግን ንጋራ ያለው ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፣ ማታ አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፣ ቀን ደግሞ ሠራተኛዋ አለች። እማዬ በዚያ ሁሉ ሳምንት ብቻዋን የሆነችበት ሰዓት አልነበረም። እኔ ብቸኝነት እንዳይሰማት ብዬ ያመጣኋት ሴት ብቻዋን የምትሆንበት ቦታ አጥታ ነው የተቸገረችው።

ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲህ እንደ ነጋዴም ብዙ አስቤያለሁ። ውሃ ያለበት ቦታ ሞልቷል። ሶደሬ አለ፣ ወንዶ ገነት አለ፣ እዚህ ከናኩሩ ባሻገር ቦጎሪያ አለ፤ ቦጎሪያ ሐይቅ ዳር የሚፈላው ውሃ እንቁላል ይቀቅላል እንጂ ሰው አይገባበትም፣ አካባቢው ላይ ያለ ሆቴል ግን የምንጭ ውሃ የሚገባበት ገንዳ አለው። ለሪዞርት ገንዘብ የሚያዋጡ ወገኖቻችንን አውቃለሁ፤ ዕቅዳቸውን ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማየው ትልቅ መዋኛ፣ ባርና የሠርግ አዳራሽ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ሠርግ ገንዘብ ያመጣል። ግን እንደ እማዬ ላለ ሰው ዋናው ዕቃ በር ነው። አስር ትንንሽ ክፍል፣ አስር ገንዳ፣ አስር የውስጥ ቁልፍ፣ ውጭ ደግሞ ለወሬ የሚሆን አግዳሚ። አልጋ ቢጨመርበት ደግሞ አሮጊት እናት ታጥባ በዚያው ትተኛለች፣ ጧት ደግማ ትገባለች። ጃፓኖቹ በሰው ማስከፈላቸውም የዋህነት አይደለም። እንግዳው ከማታ ምግብ ጀምሮ እስከ ጧት በነሱ እጅ ነው፣ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚያወጣው ገንዘብ የለም። ፍል ውሃ ያለበት ገጠር ላይ ሌላ ምግብ ቤት ስለማይኖር ይህ አሠራር ለኛም ያዋጣል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ወላጆቻችሁን ስትወስዱ ግፊትና ልብ ካላቸው ሐኪም ጠይቁ። በጣም ትኩስ ውሃ ውስጥ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ ድንገት መነሳት ያዞራል። ጃፓኖችም በየክረምቱ አረጋውያኖቻቸውን ስለዚህ ያስጠነቅቃሉ። እማዬ አስር ደቂቃ ገብታ፣ ወጥታ፣ ውሃ ጠጥታ ነው እንደገና የምትገባው። ይህንን ያስተማራት ሐኪም አይደለም፣ ያ አግዳሚ ነው።

ከመስቀል በፊት አገሯ ተመለሰች። አልተጣላንም። ቦሌ እንደደረሰች ደውላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ፍል ውሃ ሄዳ እንደመጣች ደውላ ነገረችኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፣ አንዲት የሐረር ሴትዮ ስለ ጥቁር አዝሙድ ዘይት አስተምራታለች።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ድንበር ተዘጋ፣ የምታውቁት ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ተነሳ። የእማዬ የቀበሌ ቤትም ተነሳ፣ ጎረቤቶቿም በየአቅጣጫው ሄዱ። አሁን ያለችው ከከተማው ዳር ነው፣ ምድር ቤት ደርሷታል። ቤቱ ከቀድሞው ይሻላል፣ ሽንት ቤቱ የራሷ ነው። ግን ፍል ውሃ ቁልቁል መውረዱ ቀርቷል። 78 ዓመቷ ነው፣ ሁለት ታክሲ ይዛ መሄድ አትችልም። በስልክ «ጉልበቴ» ስትለኝ አሁን ሌላ ነገር ነው የምሰማው።

እኔም ቤት ቀይሬያለሁ። ከመሃል ከተማው ትንሽ ይርቃል፣ ለሱቄ ማታቱ መያዝ ግድ ሆኗል። ሦስት ክፍል ነው፣ ጣራው ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ አለው፣ ገንዳ ያለው መታጠቢያም አለው። በናይሮቢ የኪራይ ቤት ገንዳ ማግኘት ቀላል አይደለም፣ አራት ወር ነው የፈለግኩት። የመታጠቢያው በር ቁልፍ አልነበረውም፣ አናጢ አምጥቼ አስገጠምኩ። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት ይህንኑ ነገርኳት።

«ከውስጥ ነው የሚቆለፈው?» አለችኝ።

«ከውስጥ ነው፣ እማዬ።»

ትንሽ ዝም ብላ «ገንዳው ጥልቅ ነው? ጉልበት ይሸፍናል?» አለች።

ገብቼ ለካሁት። 42 ሳንቲሜትር ነው። ቲኬቷን ለኅዳር 20 ቆርጬዋለሁ፤ የግፊት መድኃኒቷን የሦስት ወር እንድትይዝ ነግሬያታለሁ፣ ቅቤውንም እንዳትረሳ።